ዓሣው ርቦት አይደለም

ጥያቄ፦ በትንሽ ኩሬ ቆሮሶ አረባለሁ። ሰሞኑን ጎህ ሲቀድ ዓሣዎቹ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ጎረቤቴ «ርቧቸው ነው፣ መኖ ጨምር» ይለኛል። ሌላው ደግሞ፣ ለገበያ ሳወጣቸው ጆንያ ውስጥ ሲፈራገጡ ባለቤቴ ፊቷን ታዞራለች። ዓሣ ሕመም ይሰማዋል እንዴ?

መልስ፦ መኖ ጨምር የሚለው ምክር በየኩሬው ዳር ያጋጥመኛል፤ በሰማሁት ቁጥር ያናድደኛል። ዓሣዎ ታፍኗል እንጂ አልራበውም። ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው አልጌ ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እሱም ተንፋሽ ነው። ኦክስጅኑ ከሁሉ የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል የሆነው ለዚህ ነው። ያልተበላ መኖ ደግሞ ታች ሲበሰብስ የቀረውን ይጨርሳል፣ አሞኒያ የሚባለውን መርዝም ይጨምራል። ስለዚህ ዓሣው እስኪረጋጋ መኖ ያቁሙ። ከሥር ጥቂት ውሃ ለቀው ንጹሑን ከከፍታ እየተንፏፏ ያስገቡት። የወጣውን ወንዝ ውስጥ አይልቀቁት፤ አትክልት ያጠጡበት፣ ማዳበሪያ ነው።

መለኪያ መግዛት የግድ አይደለም። ረፋድ ላይ ክንድዎን ቀጥ አድርገው ውሃው ውስጥ ይክተቱ። ውሃው ክርንዎ ጋ ሳይደርስ መዳፍዎ ከዓይን ከጠፋ አልጌው በዝቷል።

ቆሮሶ በጥቂት ወር ዕድሜው ስለሚራባ ኩሬው ቶሎ ይጨናነቃል፣ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። ወንድ ወንዱን ለይቶ ማርባት ወይም ጫጩቱን የሚለቅም ጥቂት አምባዛ መጨመር ይረዳል። (አምባዛው ደኅና ስለሆነ ውሃው ደኅና ነው እንዳይሉ፤ እሱ ከላይ አየር ስቦ ይኖራል።)

ባለቤትዎ ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት ትራውት የሚባለው ዓሣ ጭንቅላት ላይ ጉዳት የሚለዩ ነርቮች አግኝቷል፤ ከንፈሩ ላይ አሲድ የተወጋው ዓሣ ከንፈሩን ጠጠር ላይ ያሽ ነበር፣ ወደ ምግቡም የተመለሰው ዘግይቶ ነው። ጆንያ ውስጥ ታፍኖ መሞት ረጅም ሥቃይ ነው። በሕይወቱ በረዶ ውስጥ መክተትም ያቀዘቅዘዋል እንጂ ወዲያው አያደነዝዘውም። ከዓይኑ ከፍ ብሎ አናቱን በከባድ ዱላ አንዴ አጥብቀው ይምቱት፤ የስንጥቡ (የሚተነፍስበት አካል) ክዳን መንቀሳቀስ ካቆመ ራሱን ስቷል፣ ወዲያው ስንጥቡን ቆርጠው ደሙን ያፍስሱ። ሲፈራገጥ የቆየ ዓሣ ከሞተ በኋላ ሰውነቱ ቶሎ ይገተራል፣ ኋላም ሥጋው ይላላል፤ ገዢዎ ልዩነቱን ያውቀዋል። ከዋዜማው መኖ አይስጡት፣ አንጀቱ ባዶ ይሁን። በአንድ መረብም ሁሉንም አይጎትቱ፤ መትተው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ያውጡ፣ የቀረው ውሃው ውስጥ ይቆይ።