"የትኛው ቤት?" ተብላችሁ እንዳትጠየቁ፦ ለጀማሪ ጠበቆች

ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ? ደሴ ዛሬም ጉም ውስጥ ናት። የጦሳ ተራራ ጨርሶ አይታይም። ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ትናንት አንድ ጀማሪ ጠበቃ "እትዬ፣ ይቺን አንዴ ይዩልኝ" ብሎ የሰጠኝ ባለ ሁለት ገጽ የስምምነት ረቂቅ ከፊቴ አለ። ልጁ ጎበዝ ነው። የክርክሩን ታሪክ አሳምሮ ጽፎታል። ዋናውን ነገር ግን፣ ዳኛው እንዲያጸድቁለት የሚፈልገውን ማለቴ ነው፣ በአንድ መስመር ጠቅልሎ አስቀምጦታል። "ግራ ቀኙ በተስማሙት መሠረት ይፈጽሙ።"

ምኑን? መቼ? ማን ለማን?

ስለዚህ ነገር ልጽፍላችሁ ካሰብኩ ቆይቻለሁ፤ ይኸው ልጁ ምክንያት ሆነኝ።

እኔ ትእዛዝ እንዴት እንደሚጻፍ የተማርኩት ሕግ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ነው። ታይፒስት ነበርኩ። ዳኞች በእጃቸው የጻፉትን በአማርኛ ታይፕራይተር፣ በካርቦን እየመታሁ ዓመታት አሳልፌያለሁ። በካርቦን ስትመቱ ስሕተት ቀልድ አይደለም፤ አንድ ቁጥር ከሳትኩ ወረቀቱንም ካርቦኑንም አውጥቼ እንደገና ከላይ እጀምራለሁ። ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ፍርዱ ስምንት ገጽ ሊሆን ይችላል። ባለጉዳዩ ግልባጩን ሲቀበል ግን ቀጥታ ገልብጦ የሚያየው የመጨረሻውን ገጽ ነው፣ "ውሳኔ" ወይም "ትእዛዝ" ከሚለው ቃል በታች ያሉትን አራት አምስት መስመሮች። ባንኩም፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱም፣ ፍርድ አስፈጻሚውም የሚሠሩት በእነዚያ መስመሮች ነው። ሐተታውን ማንም አያነብላችሁም።

"እኛ አገር ትእዛዝ የሚጽፈው ዳኛው ነው፣ እኛ ምን አገባን?" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። በአሜሪካ ብዙ ፍርድ ቤቶች ጠበቃው ከአቤቱታው ጋር የትእዛዙን ረቂቅ አዘጋጅቶ ያስገባል፤ ዳኛው ከተስማማ ይፈርምበታል፣ ካልተስማማ ይሰርዛል፣ ያስተካክላል። እኛ ዘንድ ይሄ ልማድ የለም። ግን ጠዋት ሃያ መዝገብ ፊታቸው የተከመረባቸውን ዳኛ አስቡ። የእግድ ማመልከቻችሁን፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ንብረቱ እንዳይነካ የምትጠይቁበትን፣ ያነባሉ፣ ያምኑበታል፣ ከዚያ እስክሪብቷቸውን አንስተው ማመልከቻው መጨረሻ ላይ የጠየቃችሁትን መልሰው ይጽፉታል። እኔ ስመታው ስለኖርኩ አውቃለሁ። ማመልከቻውና ትእዛዙ አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ቃሉ አንድ ነው፣ ስሕተቱ ጭምር! ደግሞም የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 182 ዳኛው ባልተጠየቀ ነገር ላይ እንዳይወስን ይከለክላል። በደንብ ያልጠየቃችሁትን በደንብ አታገኙትም ማለት ነው። ስምምነት ከሆነማ ጭራሽ የእናንተው ወረቀት ነው። ከቁጥር 274 ጀምሮ እንደተጻፈው ተከራካሪዎች በማንኛውም ጊዜ መታረቅ ይችላሉ፤ ፍርድ ቤቱ ስምምነቱ ሕግንና ሞራልን እንደማይቃረን ካረጋገጠ መዝግቦ ያጸድቀዋል። በቃ፣ ያረቀቃችሁት አረፍተ ነገር ፍርድ ሆነ።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

ጥብቅና በጀመርኩ ሰሞን የወንድምና የእህት የውርስ ክርክር ያዝኩ። እዚሁ ደሴ፣ አባታቸው የተዉት አንድ ግቢ ነው። ሽማግሌ ገባ፣ አበጋር (የኛ የወሎ አስታራቂ) ገባ፣ እንደ ወሎ ወግ ቡና ተፈልቶ ዱዓ ተደርጎ ታረቁ። ደስ አለኝና ስምምነቱን በአንድ ከሰዓት ጽፌ ጨረስኩ። "ተከሳሽ የያዘውን ቤት ለከሳሽ ያስረክብ" ብዬ። ዳኛው አጸደቁ። መዝገቡ ተዘጋ።

ጥቂት ወራት አልፎ፣ ስምምነቱ በፍርድ ቤት ኃይል እንዲፈጸም፣ አፈጻጸም ተከፈተ። ፍርድ አስፈጻሚው ከፖሊስና ከቀበሌ ሰው ጋር መጣ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ሦስት ቤት አለ። መንገድ ዳር ያለችው የምትከራይ ሱቅ፣ መሐል ላይ ትልቁ ቤት፣ ከኋላ ደግሞ አንዲት ሰርቪስ። የወንድምየው ሚስት የቡና ምጣዱን በእጇ እንደያዘች ከማድቤት ወጣች። ፍርድ አስፈጻሚው ወረቀቱን አነበበ፣ ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ከዚያ ወደኔ ተመልክቶ "የትኛው ቤት ነው እትዬ?" አለኝ። እህትየው "ሱቁ ነዋ!" አለች። ወንድምየው "ሰርቪሷ እንጂ፣ ሱቁማ መች ተነሳ" አለ። ምጣዱ ላይ ያለው ቡና አረረ። እኔ ዝም።

ሽምግልናው ላይ ሁላችንም የትኛው ቤት እንደሆነ እናውቅ ነበር። ወይም የምናውቅ መስሎን ነበር። ጉዳዩ ወደ ችሎት ተመለሰ፣ አዲስ ጭቅጭቅ ሆነ፣ ከዓመት በላይ ፈጀ። የታረቁት ወንድምና እህት ሰላምታ ተነፋፈጉ። አንድ መስመር ብጨምር ኖሮ፣ "ከዋናው መንገድ ጋር የሚዋሰነው፣ በአሁኑ ጊዜ ለሱቅ የተከራየው ባለ አንድ ክፍል ቤት" ብል ኖሮ፣ ከነካርታ ቁጥሩ ከነአዋሳኙ።

ሁለተኛው ጉዴ ኮምቦልቻ ላይ ነው። ደንበኛዬ ከአንድ የወርክሾፕ ባለቤት 140,000 ብር ይጠይቃል፤ እዳው እውነተኛ ነው። ገንዘቡ እንዳይሸሽ ብዬ "የተከሳሽ የባንክ ሂሳብ እንዲታገድልን" ብዬ አመለከትኩ። ዳኛው ፈቀዱ፤ "የተከሳሽ የባንክ ሂሳብ ታግዶ ይቆይ" ተብሎ ተጻፈ። ባንኩ ምን ያድርግ? ሙሉ ሂሳቡን ዘጋው። ወሩ መጨረሻ ነበር። ከቀጠሮ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ፣ ከኋላዬ ሁለት የወርክሾፑ ልጆች ስለ ደሞዛቸው ያወራሉ። የቤት ኪራይ ቀን አልፏቸዋል። "አንዲት የደሴ ጠበቃ ናት አሉ ያዘጋችው" አለ አንደኛው፣ ከዚያ እዚህ የማልጽፈውን ጨመረበት። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግኩ። "እስከ 140,000 ብር ድረስ" የሚሉት ጥቂት ቃላት ቢኖሩ እነዚያ ልጆች ደሞዛቸውን ያገኙ ነበር። ደንበኛዬም አልተጠቀመም፤ ተከሳሹ ትእዛዙ ይሻሻልልኝ ብሎ ሲመጣ ዳኛው እኔን ያዩኝ አስተያየት እስካሁን አይረሳኝም።

የቦታ እግድም እንደዚያው ነው። "ቤቱ ይታገድልን" አትበሉ። ቤት ምን ተደርጎ ይታገዳል? መግባት ነው የተከለከለው፣ ማደስ፣ ማከራየት? የምትፈልጉት ስም እንዳይዛወር ከሆነ "በካርታ ቁጥር ይህን ያህል በተከሳሽ ስም የተመዘገበው ቤት በሽያጭ፣ በስጦታ ወይም በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍ፣ በመያዣም እንዳይያዝ፣ ሌላ ትእዛዝ እስኪሰጥ ታግዶ እንዲቆይ" በሉ። ለማን እንደሚጻፍም ጥቀሱ። ትእዛዝ ተቀባዩ ካልተጠራ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ውስጥ ያድራል።

ስም ላይ ደግሞ እኛ ወሎዬዎች ልዩ ጣጣ አለብን። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሃመድ። መታወቂያው ላይ አንድ፣ የባንክ ደብተሩ ላይ ሌላ፣ ክሱ ላይ ሦስተኛ። ባንክ ቤት መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ "ስሙ አይመሳሰልም" ብላ ብትመልሳችሁ አትቆጧት፤ ሥራዋ ነው። ከመጀመሪያው መታወቂያውን አስመጥታችሁ እንደተጻፈው ገልብጡ፣ ስም እስከ አያት ይሁን፣ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ካለ ሁለቱንም ጥቀሱ። የጽሕፈት ወይም የሒሳብ ስሕተት በቁጥር 208 መሠረት ይታረማል፤ አብሽሩ፣ ዓለም አያልቅም። ግን ማመልከቻ ነው፣ ቀጠሮ ነው፣ የደንበኛችሁ የመኪና ብር ነው።

ቀንን ደግሞ ሽማግሌዎቻችን በዒድ ይቆጥራሉ። "ከዒድ በኋላ ይከፍላል" ይሏችኋል። የቱ ዒድ? የረመዳኑ ነው አረፋ? በመሐሉ ከሁለት ወር በላይ አለ እኮ። "በ30 ቀን ውስጥ" የሚለውም አያድናችሁም፤ ከተፈረመበት ነው፣ ከጸደቀበት፣ ግልባጩ ከደረሰበት? ቀኑን ራሱን ጻፉ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ። ባይከፍልስ? እሱንም ጻፉ። አንዱን ክፍያ ካሳለፈ ቀሪው በሙሉ ይጠየቃል ወይስ ያቺው ብቻ? በእርቅ ስሜት ውስጥ ይሄን መጠየቅ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ጠይቁ።

ወለድ ካለ ከመቼ እስከ መቼ፣ በስንት እንደሆነ ይታይ። በሕግ የታወቀው 9 በመቶ ነው፤ "ሕጋዊ ወለድ" ብላችሁ ብቻ ከተዋችሁት አፈጻጸም ላይ የመነሻ ቀኑ ያጨቃጭቃችኋል። ብሩን በአሃዝም በፊደልም ጻፉ፣ ከዚያ ሁለቱን አስተያዩ። ይሄን ማንም ያውቃል፣ ማንም ግን አያስተያይም።

አሁን ልናገረው የሚከብደኝ ነገር። አንድ ጊዜ የታረቅንበትን ቃል ጽፌ ሳመጣ አንዲት ሐረግ አስገባሁበት። "ወጪና ኪሳራውን ተከሳሽ ይሸፍናል።" አልተስማማንበትም። ያንን ያህል ብርም አልነበረም። ለምን አደረግኩት? ጎበዝ ለመባል ነው መሰለኝ። ዳኛው ሁለቱም ወገን ጠበቃ ስላለው ብዙ ሳይመረምሩ አጸደቁት። የተቃራኒው ወገን ጠበቃ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ፣ ችሎት ላይ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠብቀው ወደ ፒያሳ ወሰዱኝና ቡና ጋበዙኝ። ስኳሩን እያማሰሉ "ልጄ፣ ያቺን መስመር አይቻታለሁ፤ ነገ አብረን ሄደን እናስወጣታለን" አሉኝ። አልተቆጡም። በማግስቱ ሄደን አስወጣናት። ከዚያ በኋላ ግን ለሁለት ዓመት የኔን ወረቀት በደረሳቸው ቁጥር መነጽራቸውን አውጥተው፣ እኔ ፊታቸው ቆሜ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ፊርማው ድረስ በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ ነበር። የሌሎቹን ጠበቆች አገላብጠው ይፈርማሉ። የኔን ያነባሉ።

ይሄ የኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ዳኞች የረታው ወገን ያረቀቀላቸውን እንዳለ መቀበላቸውን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 በሰጠው አንድ ፍርድ ነቅፎታል፤ የተፈረመውን ግን በዚያ ብቻ አላፈረሰውም። እና ዳኛው ያላሉትን፣ ባላንጣችሁ ያልተስማማበትን አትጨምሩ። ያሸነፋችሁትን ብቻ ጻፉ፣ ግን እሱን ሙሉ አድርጋችሁ ጻፉ።

ስለ ልጁ ረቂቅ ላጫውታችሁና ላብቃ። እኔ ጽሑፍ የምፈትንበት ዘዴ አለኝ። ቢሮዬ ሥር ቡና የምታፈላ አንዲት ልጅ አለች፣ ስምና ቦታ ቀይሬ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አነብላታለሁ። ጉዳዩን አታውቅም፣ ጥቅሙም ያ ነው። የልጁን ረቂቅ ትናንት ማታ እኔው ራሴ አስተካክዬ ጨረስኩት። ቤቱን ለየሁ፣ ብሩን ጻፍኩ፣ ስሙን እስከ አያት አደረግኩ። ዛሬ ጠዋት ወርጄ አነበብኩላት። ሲኒውን እያለቀለቀች አዳመጠችኝና "እሺ፣ እና መቼ ነው የሚለቅላቸው?" አለችኝ።

ወረቀቱን አየሁት። ቀን የለውም። ቡናዬን ይዤ ወደ ላይ ተመለስኩ።