እርግቦቹን አባቱ ሰጠበት፤ ልጄ ጭጭ አለ

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ልጄ 4ኛ ክፍል ነው። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ከ52 ተማሪ 41ኛ ወጣ፤ ሒሳብ 43 አመጣ። አባቱ ካርዱን እንዳየ ስድስቱን እርግቦቹን ለጎረቤት ሰጠበት። አንዱ ጥንድ እንቁላል ታቅፎ ነበር። ጎረቤታችን ተመልሰው እንዳይመጡ ክንፋቸውን አስሮ ይዟቸዋል። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ አጥሩ ሥር ይቆማል። ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ይላል። መምህሩ ከሰሌዳ አይጽፍም፣ ከጓደኛው ደብተር ነው የሚገለብጠው ይሉኛል። ሞኝ ግን አይደለም። የእርግቦቹን ቀለብ በደብተሩ ጀርባ ያሰላል፤ ወደ ሰማይ ሲወጡበት ብቻ «የቱ ነው የእኔ?» እያለ ታናሽ እህቱን ይጠይቃል። ከባለቤቴ ጋር ከተኳረፍን 2 ሳምንት ሆነን። እርግቦቹን አስመልሼ፣ ስለ እነሱ ለሚጽፈው ለእያንዳንዱ ገጽ 10 ብር ብሰጠው ትምህርት ይወድ ይሆን?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ቆምኩ። ልጅዎ ከሰሌዳ አይጽፍም። እርግቦቹ ከፍ ሲሉ ደግሞ የራሱን መለየት አቅቶት እህቱን ይጠይቃል። እጁ ላይ ሲሆኑ ግን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ያስቀምጧቸው። ልጅዎ ሩቅ ያለውን አጥርቶ አያይ ይሆናል።

እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ ይህን የሚናገረው የዓይን ሐኪም ነው። ነገር ግን ቅርቡን አጥርቶ ሩቁን ማደብዘዝ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ልክ በዚህ ዕድሜ ነው። ልጆች ደግሞ አይናገሩም። ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያይ በምን ያውቃሉ? ሰሌዳው ለሁሉም እንደዚያ የደበዘዘ ይመስላቸዋል። 52 ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ቁመቱ ረዘም ያለ ልጅ ወደ ኋላ ይመደባል፤ ያኔ የክፍልፋይ ትምህርት ጭራሽ ይጠፋበታል። ስለዚህ አስጠኚ ከመቅጠርዎ በፊት ዓይኑን ያስመርምሩት። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የታወቀ የዓይን ክፍል አለው፤ ለእናንተ የሚቀርብ ክሊኒክም ይሆናል። እስከዚያው መምህሩ ከፊት እንዲያስቀምጡት ይለምኗቸው።

ስለ ሆዱ ሕመም። «ትምህርት ቤት ላለመሄድ ነው» እንዳትሉት። የተጨነቀ ልጅ ሆዱን የምር ያመዋል። ቅዳሜና እሁድ ያመው እንደሆነ ይመልከቱ። ካልቆመ ለሐኪም ያሳዩት።

አሁን ወደ እርግቦቹ ልምጣ። እርግብ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች። እናትና አባት እየተፈራረቁ ይታቀፏቸዋል፤ 18 ቀን ገደማ ሲሞላ ይፈለፈላሉ። ይህን ከእኔ ይልቅ ልጅዎ ያውቀዋል። እስቲ የደብተሩን ጀርባ ይመልከቱ፤ ቀን ሲቆጥር እንደነበር እጠረጥራለሁ። እንቁላሎቹ ሳይፈለፈሉ ነው የተወሰደበት። እናንተ ቤት «የካርድ ቅጣት» ተብሎ የተጠራው ነገር ለእሱ ሐዘን ነው። አጥር ሥር የሚቆመውም ለዚህ ነው። ማንም «አይዞህ» አላለውም።

በዚያ ላይ እርግቦቹ «እችላለሁ» የሚልበት አንዱ ቦታው ነበሩ። ክፍል ውስጥ 41ኛ ነው፤ እርግቦቹ ዘንድ ግን ሰፈሩ የሚያማክረው ሰው ሳይሆን አይቀርም። አንድ እርግብ በቀን ከ30 እስከ 40 ግራም እህል ትበላለች። ለስድስት እርግብ 1 ኪሎ ስንዴ ስንት ቀን ይበቃል ብሎ ያሰበ ልጅ ማካፈልን በራሱ ጊዜ እየሠራ ነው። ደረጃ ማን ማንን እንደበለጠ ይነግረናል እንጂ ልጁ የቱ ጋ እንደተሰናከለ አይነግረንም። እኛ ወላጆች ግን «ስንተኛ ወጣህ?» ብለን እንጠይቅና «ምኑ ነው ያልገባህ?» የሚለውን እንረሳለን። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የ10 ብሩን ሐሳብ ግን ይተዉት። በ1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሦስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በማርከር መሳል የሚወዱ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ ሕፃናትን መረጡ። ለአንዱ ቡድን «ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሉት። በኋላ ነፃ ሲለቀቁ፣ ሽልማቱ ቀድሞ የተነገራቸው ልጆች ሥዕል ላይ የቆዩት የሌሎቹን ግማሽ ያህል ነው። ደስ ብሏቸው ሲሠሩት የነበረው ነገር ሥራ ሆነባቸው። የልጅዎንም ደብተር ደመወዝ አያድርጉበት። ይልቅ አጠገቡ ቁጭ ይበሉና «ይቺ ቁጥር ምንድን ናት?» ብለው ይጠይቁት። እሱ ያስተምርዎ።

ስለ ባለቤትዎ ብዙ አልጻፉልኝም። ልጃቸው ወደ ኋላ ሲቀር ፈርተው ይመስለኛል። የፈራ አባት ብዙ ጊዜ በቁጣ ነው የሚናገረው። ልጁ በሌለበት፣ ቡና ቀርቦ፣ «አንተ ነህ እንዲህ ያደረግከው» ሳይሉ ይጀምሩ። ስለ ሰሌዳውና ስለ ሰማዩ ይንገሯቸው። «ዓይኑን እናስመርምረው፣ አንተ ውሰደው» ይበሏቸው። አባት ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ሐኪሙ ዘንድ ካለችው የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ላይ ያለውን ፊደል ማንበብ ሲያቅተው በዓይኑ ቢያይ፣ ከእኔም ከእርስዎም ምክር በላይ ይገባዋል።

እርግቦቹን ግን የምርመራው ውጤት እስኪመጣ አያቆዩአቸው። «80 ስታመጣ ይመለሱልሃል» የሚል ቃልም አይግቡ። በዚህ ቅዳሜ አባትና ልጅ አብረው ጎረቤት ይሂዱ። በእኛ ባህል አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቅ እንደሚከብደው አውቃለሁ። «እንቁላል መኖሩን አላሰብኩም፣ ተሳስቻለሁ ልጄ» ቢሉት ደስ ይለኛል። ካልሆነላቸውም ጎረቤቱን «መልስልን» ሲሉ ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ይስማ። ክንፋቸውን ራሱ ይፍታ። የጥናት ሰዓትና የእርግብ ሰዓት መለየቱን ከዚያ በኋላ፣ ሦስታችሁ ሆናችሁ፣ ከእሱ ጋር ተነጋገሩበት።

ሐኪሙ ምን እንዳሉ ይጻፉልኝ፤ እጠብቃለሁ።