ለእህቴ ልጅ ፈርሜ ክሬዲቴ ወደቀ

ጤና ይስጥልኝ፤

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ የምተዳደረውም አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። የእህቴ ልጅ መኪና ሲገዛ ክሬዲት ስላልነበረው አብሬው ፈረምኩ። ሥራ ሲያጣ ክፍያውን ማቆሙን አልነገረኝም፤ የሰማሁት መኪናው ከተወሰደ በኋላ ነው። አሁን ነጥቤ 540 ነው፤ አፓርትመንት ልቀይር ብል ተከለከልኩ። እቁቤን አጉድዬ አላውቅም፤ ይህን ግን የሚቆጥርልኝ የለም። ጓደኛዬ «ክሬዲት ካርድ አውጪ፤ በየወሩ ትንሽ ዕዳ እያስተረፍሽ ክፈይ፤ ነጥቡ ቶሎ ይወጣል» ትላለች። አንድ ሰው ደግሞ 900 ዶላር ቀድሜ ብከፍለው መዝገቤን እንደሚያጸዳልኝ ቃል ገብቶልኛል። የቱን ልስማ?

ግራ የገባኝ

መልስ፦

ውድ እህታችን፤

ሰውየውን ይተዉት። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ክሬዲት እናስተካክላለን የሚሉ ድርጅቶች ሥራውን ሳይፈጽሙ እንዳያስከፍሉ ይከለክላል። መዝገብዎ ላይ ስህተት ካለ የክሬዲት መዝገብ ለሚይዙት ሦስት ድርጅቶች፣ ለኢኩዊፋክስ፣ ለኤክስፔሪያንና ለትራንስዩኒየን፣ ራስዎ በነጻ ያመልክቱ። እውነተኛውን የመኪና ዕዳ ግን በ900 ዶላር የሚፍቅ የለም፤ ክፍያው ከተቋረጠበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 7 ዓመት መዝገብዎ ላይ ይቆያል፤ ጉዳቱ ግን እያደር ይቀንሳል።

ጓደኛዎ «ካርድ አውጪ» ማለታቸው ልክ ነው። ዕዳ ማስተረፉ ግን ለባንኩ ወለድ ያስገባለታል እንጂ ለእርስዎ ነጥብ አይጨምርም። ይህ ወሬ በየቡና ቤቱ እንዴት እንደሚዛመት ይገርመኛል!

በ540 የሚሰጥዎ «ሴኪውርድ» የሚሉት ካርድ ነው። ብዙውን ጊዜ 200 ዶላር ያስይዛሉ፤ የመበደሪያ ጣሪያዎም 200 ይሆናል። ያስያዙት ገንዘብ መያዣ ነው፤ የወሩን ሒሳብ የሚከፍሉት ከኪስዎ ነው። ከመፈረምዎ በፊት ባንኩ አከፋፈልዎን ለሦስቱም ድርጅቶች ሪፖርት ያደርግ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ለአንዳቸውም ካላደረገ ክሬዲትዎን ለመገንባት አይጠቅምዎትም። ገንዘብ ተሞልቶበት የሚሠራው ካርድም ክሬዲት አይገነባም።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ላይ ደረስን። በዚያ ካርድ የ150 ዶላር ቤንዚን ቀዱ እንበል። የወሩ ሒሳብ የሚዘጋው በ20፣ የመክፈያው ቀን ደግሞ በቀጣዩ ወር 15 ነው። በ15 ሙሉውን ከከፈሉ ወለድ የለብዎትም። ነገር ግን ወደ መዝገብዎ የሚላከው አብዛኛውን ጊዜ በ20 የታየው ዕዳ ነው፤ ስለዚህ ከጣሪያዎ 75 በመቶውን የተጠቀሙ ሆነው ይቀርባሉ። በ18 ገደማ 130 ዶላር ቢከፍሉ ግን የሚታየው 20 ዶላር ብቻ ይሆናል፤ እሱን በ15 ይዝጉት። ፊኮ በሚባለው የታወቀ የክሬዲት ነጥብ ስሌት በወቅቱ መክፈል 35 በመቶ፣ የዕዳው መጠን 30 በመቶ ይመዝናልና ልፋቱ አይባክንም። መርሳት ከፈሩ ክፍያው ከባንክ ሒሳብዎ በራሱ እንዲቆረጥ ያድርጉ። በአንድ ጊዜ ለብዙ ካርድ አያመልክቱ።

የእቁቡ ነገር እኔንም ያንገበግበኛል። የእቁብ ሰብሳቢ ምስክርነት ለክሬዲት መዝገብ ድርጅቶቹ አይደርስም። ዕጣው ሲወጣልዎ ግን ለካርዱ የሚያስይዙትን ገንዘብ ከእሱ ይክፈሉ።

ስለ ልጁም ዝም አይበሉ። አበዳሪው መኪናውን ሸጦ ዕዳው ካልተሸፈነለት የጎደለውን ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ልጁን አስቀድሞ የመጠየቅ ግዴታም ላይኖርበት ይችላል። በስንት እንደሸጠውና ምን ያህል እንደቀረ በጽሑፍ እንዲያሳውቅዎ ይጻፉለት። ከዚያ እህትዎ ባሉበት ልጁ በየወሩ ስንት መስጠት እንደሚችል ይነጋገሩ።