«በአዋቂ ሰው ላይ ነርቭ አያድግም» ለተባሉት ጠያቂ

ወንድሜ፣ እህትዎ አንጓዋ ላይ የተቆረጠው ነርቭ ከተሰፋ ሦስት ወር ቢሞላውም አውራ ጣቷ፣ ጠቋሚዋና የመሃል ጣቷ እንደደነዘዙ መሆናቸውን ገልጸው፣ «በአዋቂ ሰው ላይ ነርቭ አያድግም» የሚባለው እውነት ስለመሆኑ ጠይቀዋል። እኔ ሐረር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ሚዲያን የተባለው ይኸው ነርቭ በመስኮት መስታወት ተቆርጦብኝ ስለነበር፣ በክፍል የማስተምረውን በገዛ እጄ ላይ አይቼዋለሁ። በደፈናው የተነገራችሁ ትክክል አይደለም።

ጽንስ ውስጥ ነርቭ ሲዘረጋ የሚያስፈልጉት ፕሮቲኖች ሰው ሲጎለምስ ብዙዎቹ ይቀንሳሉ እንጂ የመሥራቱ አቅም ከህዋሱ አይጠፋም። የእጅ ነርቭ ሲቆረጥ፣ አንገት አካባቢ የሚገኘው የህዋሱ አካል ጋፕ-43 የተባለውን፣ በጽንስነት ጊዜ በአዳጊው የነርቭ ክር ጫፍ ላይ የሚበዛውን ፕሮቲን እንደገና በብዛት ማምረት ይጀምራል። ከቁስሉ በታች የቀረው ክር ይፈርሳል፤ ሸፍነውት የነበሩት የሽዋን ህዋሳት ግን ወደ ለጋነት ጠባያቸው ተመልሰው ፍርስራሹን ያጸዳሉ፣ ተሰልፈው ለአዲሱ ክር መተላለፊያ ይሆናሉ፣ ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ያገኘችውንና እ.ኤ.አ. በ1986 ከስታንሊ ኮኸን ጋር ለኖቤል ሽልማት ያበቃትን ነርቭ አሳዳጊ ፕሮቲንም ያመነጫሉ። አዲሱ ክር በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ጉዞው ሳይጀመር የሚያልፉት ሳምንታት ሲታከሉበት ከስድስት ወር በላይ ይወስዳል፤ በሦስተኛው ወር ክሩ ገና መዳፍ ላይ ቢሆን አያስደንቅም።

አባባሉ የመጣው ከኅብለ ሰረሰር ጉዳት ይመስለኛል። እዚያ ኖጎ-ኤን የመሰሉ ፕሮቲኖች እድገትን ይገታሉ። ያም ሆኖ ተመራማሪዎቹ ዴቪድና አጉዋዮ እ.ኤ.አ. በ1981 በጎልማሳ አይጦች ላይ የእግር ነርቭ ቁራጭ እንደ ድልድይ ሲያስገቡ፣ የኅብለ ሰረሰር ህዋሳት ጭምር በውስጡ ረጅም ክር አሳድገዋል።

በእኔ ላይ በአራተኛው ወር መዳፌን በጣት ሳንኳኳው ኮረንቲ የመሰለ ንዝረት ወደ ጣቶቼ ይሄድ ነበር፤ ንዝረቱ የሚነሳበትን ቦታ በእስክርቢቶ እያመለከትሁ በየሳምንቱ ጥቂት ወደ ፊት ሲገፋ ተመልክቻለሁ። በዚያው ሰሞን ትኩስ ሆጃ የያዘ ብርጭቆ ጨብጬ ጠቋሚ ጣቴ ውሃ እስኪቋጥር ድረስ አልተሰማኝም፤ እህትዎን ከምድጃና ከጀበና አደራ ይጠብቋት።

ስሜቱ ሲመለስም የተዘበራረቀ ነበር፤ ጠቋሚዬ ሲነካ የመሃል ጣቴ የተነካ ይመስለኝ ነበር፣ አንዳንዱ ክር የሌላውን መተላለፊያ ይዞ ያድጋልና። በአንጎል በኩልም ለውጥ አለ፦ ተመራማሪዎቹ መርዘኒክና ካስ እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን ነርቭ በጎልማሳ ጦጣዎች ላይ ቆርጠው ሲያጠኑ፣ ባዶ የቀረውን የአንጎል ክፍል የአጎራባች የእጅ አካላት ስሜት ወርሶት አግኝተዋል። ስለዚህ አንጎሉም እንደገና መማር አለበት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጀንፈልን ከተፈለፈለ ቡና፣ ቁልፍን ከሳንቲም ለመለየት በየማታው እለማመድ ነበር፤ ጀንፈሉን በእርግጠኝነት ለመለየት ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል፣ ዛሬም የጣቴ ጫፍ እንደ ግራ እጄ አይደለም።

አንድ ነገር ግን በትዕግሥት ብቻ አይታለፍም። ነርቭ የተለየው ጡንቻ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነርቭ የመቀበል አቅሙን እያጣ ስለሚሄድ፣ እጇ ሲንኳኳ የሚሰማት ንዝረት በመጪዎቹ ሁለት ወራት ከስፌቱ ቦታ ፈቀቅ ካላለ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ተመልሳ የነርቭ ምርመራ እንዲደረግላት ያድርጉ።