«እማዬ፣ ሕጋዊ ነው እኮ»

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምኖረው ካሊፎርኒያ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ 16 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 5።

ከሦስት ሳምንት በፊት ልብስ ላጥብ ብዬ የትልቁን ጃኬት ኪስ ስፈትሽ ጥቁር፣ ጣት የምታህል ነገር አገኘሁ። ፍላሽ መሰለኝ። የትምህርት ቤት ሥራው እንዳይጠፋበት ብዬ ጠርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት! በማግስቱ የእህቴ ልጅ መጥታ አየችውና ሳቀች። «አክስቴ፣ ይሄ እኮ ቬፕ ነው፣ በባትሪ የሚሠራ ማጨሻ፤ ዊድ ያለበት፣ ካናቢስ ማለቴ ነው» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ማታ ሲመጣ ጠየቅኩት። አልካደም። ከጓደኛው ታላቅ ወንድም እንዳገኘው ነገረኝና «እማዬ፣ ሕጋዊ ነው እኮ፤ ከተማው ራሱ ሱቅ ሊፈቅድለት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የከተማችን ምክር ቤት የካናቢስ መሸጫ ይከፈት አይከፈት በሚለው ላይ በሚቀጥለው ወር ድምፅ ይሰጣል። አባቱ ሲሰማ ቤቱ ተናወጠ። «አገር ቤት እልክሃለሁ!» ብሎ ማለ። አሁን ደግሞ ፊርማ አሰባስቤ ሱቁን አስቀራለሁ እያለ ነው። ልጁ ክፍሉን ቆልፎ መዋል ጀምሯል። ሱቁ ቢቀር ልጄ ይተርፋል? የጓደኛውን እናትስ ከቤተ ክርስቲያን አውቃታለሁ፤ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?

ፍላሽ የመሰላት እናት

እህቴ፣

በፍላሹ ነገር አትሸማቀቂ። ስንት እናት እንዳንቺ ጠርጋ እንዳስቀመጠችለት ብታውቂ ትስቂያለሽ።

«ሕጋዊ ነው» ላለሽ መልስ አለው። የካሊፎርኒያ ሕዝብ በ2016 ፕሮፖዚሽን 64 የተባለውን የካናቢስ ሕግ በድምፅ ሲያጸድቅ የፈቀደው 21 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። ልጅሽ አምስት ዓመት ይቀረዋል። ለልጅ ያቀበለ ትልቅ ሰው ደግሞ ወንጀል ሠርቷል። ልጁ ራሱ ትንሽ ይዞ ቢገኝና የመጀመሪያው ቢሆን እስር የለም፤ የጥቂት ሰዓት ትምህርት ወይም ምክርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው። እስከዚህ ድረስ ተረጋጊ።

የማያረጋጋው ሌላው ነው። ቤታችሁ ውስጥ ገና ዜግነት ያላገኘ ሰው ካለ ይሄን ደግመሽ አንብቢው። ግዛቱ ቢፈቅድም ካናቢስ በፌዴራል ሕግ ቁጥጥር ሥር ያለ ዕፅ ነው፣ ኢሚግሬሽን ደግሞ የሚሠራው በፌዴራሉ ሕግ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ በግዛቱ ሕጋዊ ቢሆን እንኳ መያዝም ሆነ በንግዱ ውስጥ መቀጠር ለዜግነት ሲያመለክቱ እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ተናግሯል። ልጅሽ ግሪን ካርድ ያዥ ከሆነ፣ ጠበቃ ሳያማክር የትም ቦታ «አዎ፣ አጭሻለሁ» ብሎ እንዳይፈርም። ይሄን ጓደኞቹ አይነግሩትም፤ የብዙዎቹ ወላጆች እዚሁ የተወለዱ ሊሆኑ ይችላሉ።

ወደ ሱቁ እንምጣ። ሕጉ መሸጫ የመፍቀድና የመከልከል ሥልጣኑን ለየከተማው ሰጥቷል። ከተማው ሌላ ርቀት ካልወሰነ ሱቁ ከትምህርት ቤት ቢያንስ 600 ጫማ፣ ማለትም 180 ሜትር ገደማ መራቅ አለበት። ግን ሱቅ የከለከለ ከተማ ውስጥም ቢሆን ፈቃድ ያለው አድራሽ ቤት ድረስ ሊያመጣ ይችላል። ደግሞስ ልጅሽ መቼ ከሱቅ ገዛ? ሱቁ መታወቂያ ይጠይቃል፤ የጓደኛው ወንድም አይጠይቅም። ባለቤትሽ የከተማውን ሰው ሁሉ ቢያስፈርም የዚያን ልጅ ኪስ አይዘጋም።

ወደ ስብሰባው አትሂዱ ማለቴ ግን አይደለም። የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ 72 ሰዓት ቀድሞ ይለጠፋል፣ መናገር የሚፈልግ ሰው ይናገራል፣ ዜጋ ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ብሆን ያለችኝን ሁለት ሦስት ደቂቃ «ይከልከል!» ብዬ አልጨርሳትም። ልጆቹ በእግር በሚመላለሱበት መንገድ ላይ ማስታወቂያ ይሰቀላል ወይ? ርቀቱን መጨመር አይቻልም ወይ? ከተማው ከሽያጩ ከሚሰበስበው ግብር ለወጣቶች ስንት ይመድባል? ሱቁ ቢፈቀድም ባይፈቀድም የሚጠቅሙሽ እነዚህ ናቸው።

አሁን ስለ ዕፁ። «እኛም ድሮ ሰፈር ውስጥ ሲያጨሱ አይተናል፣ ምን ሆኑ?» የሚል አጎት አይጠፋምና መልሱን ያዢለት። በ1995 አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ በያዘው ካናቢስ ውስጥ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ የሚሉት፣ በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ነበር። በ2021 ወደ 15 በመቶ ደርሷል። ልጅሽ ኪስ ውስጥ ባለው ዓይነት የቬፕ ዘይት ውስጥ 60 በመቶም፣ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ሽታው ደግሞ እምብዛም ነው፣ ለዚህ ነው ያልደረስሽበት። በጉርምስና የጀመረ ሰው ሱሰኛ የመሆን ዕድሉ ከ6 አንድ አካባቢ እንደሆነ ይገመታል።

አንድ ነገር ደግሞ እኛ ሐበሾች አፍነን የምንይዘው አለ። በአንቺም ሆነ በአባቱ ወገን አእምሮው የታመመ ሰው ካለ፣ ያ ስሙ በቤት የማይነሳው አጎት ጭምር፣ ልጅሽ ማወቅ አለበት። በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ሕመም ላለበት ወጣት፣ ጠንካራ ካናቢስ ሕመሙን የመቀስቀስ አደጋው ከሌላው ይበልጣል። እፍረታችንን ችለን ብንነግራቸው ይሻላል።

«ሁሉም ያጨሳል» ካለሽ፣ አያጨስም። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ1975 ጀምሮ በየዓመቱ ተማሪዎችን ይጠይቃል። በ2019 ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ባለፈው ዓመት ካናቢስ የተጠቀሙት ከ3 አንድ በላይ ነበሩ፤ በ2024 ከ4 አንድ ገደማ ሆኑ። አራት ሆነው ከተቀመጡ ሦስቱ አልነኩትም። እኔ ራሴ ይሄን ቁጥር ሳየው ገርሞኛል፤ ሱቅ በበዛ ቁጥር ልጅ ሁሉ የሚጠፋ ይመስለኝ ነበር።

ስታወሪው ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አትመርምሪው። መኪና ውስጥ ይሻላል፤ አንቺ መንገዱን ታያለሽ፣ እሱ መስኮቱን። «ለምን አደረግከው?» ከማለት «ምን ስትሆን ነው የሚያምርህ?» ብትዪው ይቀላል። እንቅልፍ እምቢ ብሎት፣ ወይ ትምህርቱ ከብዶት፣ ወይ ከጓደኞቹ ላለመለየት ብሎ ሊሆን ይችላል፤ መልሱ እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ልተው ብሎ ካቃተው ወደ ሐኪሙ ውሰጂው። ባለቤትሽም «አገር ቤት እልክሃለሁ» ያለውን በራሱ አፍ ያንሳው። ልጁ በሩን የቆለፈው ቬፑን ሊደብቅ ብቻ አይመስለኝም።

ትንሿን አትርሺ። ካናቢስ ያለበት ከረሜላ ሌላውን ከረሜላ ይመስላል፤ ከበላችው ደግሞ ወዲያው አይታወቅም፣ እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ከጠረጠርሽ በ1-800-222-1222 የመርዝ መረጃ ማዕከል ደውዪ፣ አስተርጓሚ አላቸው። ካልነቃች ወይም ትንፋሽ ካጠራት 911 ነው።

የጓደኛውን እናት ደግሞ ንገሪያት። በቅዳሴ መውጫ ሰው መሀል ግን አይሁን፣ «ልጅሽ ልጄን አበላሸብኝ» ብለሽም አትጀምሪ። ቤቷ ሂጂ፣ ቁጭ በይና መጀመሪያ የፍላሹን ታሪክ አጫውቻት። ምናልባት እሷም አንድ ጠርጋ አስቀምጣ ይሆናል።