ስቴቱ «አልቀበልም» ካለ ማመንጫው እንዳሻው ያጨሳል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሂውስተን አካባቢ ነው። ከሰፈራችን ሳይርቅ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ አለ። ልጄ አስም አለባት። ቴክሳስ የፌዴራሉን የአየር ብክለት ደንብ አልቀበልም ትላለች ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ማመንጫው የሚጠይቀው የለም ማለት ነው? እኔስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለልጅዎ ምሕረቱን ያውርድላት። ስቴት «እኔ አላስፈጽምም» ማለት ይችላል። «እዚህ አይሠራም» ማለት ግን አይችልም።

የራስዎ ስቴት ሞክሮት ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቴክሳስ ለሙቀት አማቂ ጋዞች ፈቃድ አልሰጥም ብላ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ጻፈች። የስቴትን ባለሥልጣን የፌዴራል ተላላኪ ማድረግ በሕገ መንግሥቱ አይቻልም፤ ስለዚህ ኤጀንሲው ፈቃድ መስጠቱን ራሱ ተረከበው። ከዚያ በኋላ ባለ ፋብሪካው አንዱን ፈቃድ ከስቴቱ፣ ሌላውን ከፌዴራሉ መለመን ሆነበት። መጨረሻ ላይ ሥራው ወደ ስቴቱ ይመለስ ያሉት ኩባንያዎቹ ራሳቸው ነበሩ! በ2013 ቴክሳስ ሥራውን መልሳ የምትረከብበት ሕግ ወጣ፣ በ2014 ሥራው ወደ ስቴቱ ተመለሰ።

ፍርድ ቤት ሲኬድ ነገሩ ይለያል። በ2015 የወጣውን፣ ማመንጫዎች የሚለቁትን ካርቦን (ዋናውን ሙቀት አማቂ ጋዝ) የሚገድበውን የኦባማ አስተዳደር ደንብ ከሃያ በላይ ስቴቶች ተቃውመው ከሰሱ፤ በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አገደው። በ2022 ደግሞ የዌስት ቨርጂኒያ ስቴት ባቀረበችው ክስ፣ በዚያው ፍርድ ቤት ኤጀንሲው ያለ ኮንግረስ ግልጽ ፈቃድ አገሩን ከከሰል ወደ ሌላ የኃይል ምንጭ ማዞር አይችልም ተብሎ 6 ለ 3 ተወሰነ። የስቴቶች እውነተኛ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ይሁንና እነዚህ ክሶች ስለ ካርቦን ናቸው። የልጅዎን ደረት የሚያፍነው ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ብናኝ በሌሎች ደንቦች ነው የሚገዛው። የካርቦኑ ሲወድቅ እነዚያ አብረው አይወድቁም።

ስለዚህ መጀመሪያ የማመንጫውን የአየር ፈቃድ ይዩ፤ ማንም ጠይቆ ሊያየው የሚችል ሰነድ ነው። ከወሰኑ አልፎ ከሆነ ለቴክሳስ የአካባቢ ጥራት ኮሚሽን ያመልክቱ። ዝም ካሉዎት የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ ለግለሰብም የመክሰስ መብት ይሰጣል፤ ከ60 ቀን በፊት ማስጠንቀቂያ መላክ ግን ግድ ነው። መንግሥት ቀድሞ ፍርድ ቤት ከሄደበትና ጉዳዩን በትጋት ከያዘው ለብቻ መክሰስ አይቻልም። ደግሞ ካሳ አገኛለሁ ብለው እንዳይጠብቁ፤ ቅጣቱ የሚገባው ለፌዴራሉ ግምጃ ቤት ነው። እርስዎ የሚያገኙት «አቁም» የሚል ትእዛዝ፣ ምናልባትም የጠበቃ ወጪዎን ነው።

የልጅዎን የሕክምና ወረቀትና ጭሱ የበረታባቸውን ቀናት ግን ከዛሬ ጀምረው ይያዙ። ዳኛው ጉዳት ደርሶብዎታል ወይ ብሎ ነው የሚጀምረው።