ድምፁ ስንት፣ ሰዉስ ስንት?

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ታሪክ፣ ሕግ ወይም ጋዜጠኝነት ለምትማሩት ነው። ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ስለ ጨረስሁ ምክሬም አቧራ አቧራ ይሸታል፤ ታገሡኝ።

በወጣትነቴ ናይሮቢ ስማር ስለ አንድ የገጠር ምርጫ ክልል ጽሑፍ አቅርቤ ነበር። ክልሉ ማዕከላዊ ኒያንዛ ይባላል፤ የቪክቶሪያን ሐይቅ ተንተርሶ የተዘረጋ፣ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ የበዛበት የሉዎ ሕዝብ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1957 በብሪታንያ ቅኝ ግዛት ሥር የነበሩት የኬንያ አፍሪካውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቅኝ ግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ተወካዮቻቸውን ሲመርጡ፣ እዚያ ያሸነፈው ኦጊንጋ ኦዲንጋ ነበር። የተሸነፈውም ቀላል ሰው አልነበረም፤ ከ1954 ጀምሮ የአገሪቱ የመጀመሪያ አፍሪካዊ ሚኒስትር የነበረው ኦሃንጋ ነው። እኔም የውጤቱን አኃዝ ገልብጬ «ይህን ያህል ሰው መረጠው» ብዬ ጻፍሁ። አስተማሪዬ አኃዙን በቀይ እርሳስ ከበቡና በጠርዙ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ አስፍረው መለሱልኝ፤ «ይህ ሰው ነው ወይስ ድምፅ?»

ነገሩ የገባኝ ደንቡን ሳነብ ነው። መንግሥት ዋልተር ኩትስ በተባለ ባለሥልጣን አማካይነት ያስጠናው የምርጫ ደንብ፣ አፍሪካዊው መራጭ በትምህርቱ፣ በገቢው፣ በንብረቱ፣ በአገልግሎቱና በዕድሜው እየተመዘነ ከአንድ እስከ ሦስት ድምፅ እንዲያገኝ ያደርግ ነበር። እስቲ የምዝገባውን ጠረጴዛ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ደመወዝተኛው አስተማሪ የትምህርት ማስረጃውን አውጥቶ ያሳያል፣ ንብረቱንም ያስቆጥራል፤ ሦስት ድምፅ ይዞ ይወጣል። መረቡን ትከሻው ላይ ጥሎ የመጣው ጎረቤቱ ግን አንድ ካገኘ ዕድለኛ ነው፤ መመዘኛ ካጣ ደግሞ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ እኔ ሰው ብዬ የቆጠርሁት አንዱን ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ነበር። አሁንም ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

የመጀመሪያው ምክሬ ከዚህ ይነሣል፦ የአንድን ምርጫ ክልል ታሪክ ስትጽፉ ከአሸናፊው አትጀምሩ፤ ከመዝገቡ ጀምሩ። ማን ተጻፈ? ማን ቀረ? የተጻፈውስ በምን ሚዛን ተመዘነ? በሌላው በኬንያ ማዕከላዊ ክፍለ ሀገር፣ በቅኝ አገዛዙ ላይ የማው ማው ዐመፅ በተነሣበት አካባቢ፣ የኪኩዩ፣ የኤምቡና የሜሩ ሰው ለመምረጥ የታማኝነት ወረቀት ማሳየት ነበረበት። ከ1944 ጀምሮ ተሹሞ በሕግ አውጪው ምክር ቤት የተቀመጠው የመጀመሪያው አፍሪካዊ፣ ኪኩዩው ኤሊዩድ ማቱ፣ በዚያ ክልል በሜሩው ተወላጅ በርናርድ ማቴ ተሸነፈ። ወረቀቱን ማን አግኝቶ ማን እንዳጣው የማያውቅ ሰው «ማቱ ሕዝቡ ጠልቶት ወደቀ» ብሎ ይደመድማል፤ እንዲህ ሲባልም ሰምቻለሁ።

በማዕከላዊ ኒያንዛ ግን ወንፊቱ አብጣሪዎቹን ራሳቸውን ጉድ ሠራቸው። ሦስት ድምፅ ለተማረና ለከበርቴ መስጠት ለዘብተኛ ሰው ያስመርጣል ተብሎ ነበር የታሰበው። ነገር ግን በዚያ ገጠር የተማረና ጥሪት የቋጠረ ማን ነበር? አስተማሪውና ነጋዴው ነዋ! ኦዲንጋ ደግሞ ማሴኖ ትምህርት ቤት ያስተማረ፣ የሉዎ ቁጠባና ንግድ ኩባንያን ያቋቋመ ሰው ነው። ባለ ሦስት ድምፆቹ የሥራ ባልደረቦቹና ደንበኞቹ ነበሩ ብዬ እገምታለሁ። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ እናንተም ግምታችሁን ግምት ብላችሁ ጻፉት፣ ከማስረጃ ጋር አትቀላቅሉት።

የተመረጡት ስምንት ነበሩ፤ ከነሱም መካከል የናይሮቢው ቶም ምቦያና የስምጥ ሸለቆው ዳንኤል አራፕ ሞይ ይገኛሉ። ከአምስት ሚሊዮን የሚበልጠው አፍሪካዊ ስምንት መቀመጫ ሲሰጠው፣ 60 ሺህ ገደማ የሆኑት አውሮፓውያን 14 የተመረጡ አባላት ነበሯቸው። ስምንቱ የሚኒስትርነት ሹመት አንቀበልም ብለው ተጨማሪ 15 መቀመጫ ጠየቁ፤ በ1958 ስድስት ተጨመረላቸው። በዚያው ዓመት በሰኔ ኦዲንጋ በምክር ቤቱ ተነሥቶ የታሰሩት ኬንያታና ጓደኞቹ አሁንም መሪዎቻችን ናቸው ሲል አዳራሹ ተናወጠ። ኬንያታ ያን ጊዜ ከእኛ ድንበር ብዙም በማይርቀው በሎኪታውንግ በእስር ላይ ነበር። ነጮቹ ብቻ ሳይሆኑ ከአፍሪካውያን ተመራጮችም አንዳንዶቹ በንግግሩ መደንገጣቸውን ስታነቡ አትገረሙ፤ ጀግኖች በኋላ እንደምናስባቸው ሁልጊዜ በአንድ ሰልፍ አይቆሙም።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በዚያው በ1957 በእኛም አገር፣ በእኛ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት፣ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመጀመሪያው ምርጫ ተካሂዷል። እኛ ቅኝ ግዛት አልነበርንም፤ ሆኖም ዕጩ ለመሆን ንብረት ማሳየት ግድ ነበር። ያን ምርጫ አያቶቻችሁ ያስታውሱት ይሆናልና ጠይቋቸው፦ በወረዳችሁ ማን ተመዘገበ? ዕጩዎቹ ማን ነበሩ? መሬት ያልነበረው ሰውስ የት ቆመ? ከእናንተ አንዱ የወረዳውን የመራጮች መዝገብ ከአንድ ሣጥን ሥር ካገኘ፣ እባካችሁ ከመገልበጣችሁ በፊት አሳዩኝ። ቀይ እርሳሴን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ።